ውሃችን ጨረር አለው ወይ? በሀርጌሳ ሼክ ኑር ሰፈር ለምትኖሩ ወገኖች

«የጉድጓድ ውሃ ጨረር አለው ይባላል፣ እውነት ነው? ብናፈላውስ ይጠፋል?» የሚል ጥያቄ ከብዙ እናቶች ደርሶኛል። ጉዳዩ የልጆች ጤና ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከመሬት የሚወጣ ውሃ ሁሉ መጠኑ ይለያይ እንጂ ጨረር አመንጪ ነገር አያጣም። መነሻው አለቱ ነው። ግራናይትና አንዳንድ የእሳተ ገሞራ አለቶች ዩራኒየም ይይዛሉ፤ ውሃው በስንጥቃቸው ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲቆይ ያሟሟዋል። ዩራኒየም እየፈራረሰ ራዲየምን፣ ራዲየም ደግሞ ራዶን የተባለውን ጋዝ ይፈጥራል። በሀርጌሳና በበርበራ መካከል ባሉት ተራሮች ግራናይት አለ። የአገራችን የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም በእሳተ ገሞራ አለት የተሞላ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ከ138 የውሃ ናሙናዎች የተገኘ ውጤት በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ትልቁ ችግር ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ነበር። ዩራኒየምም ከጉድጓዶቹ 47 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ፣ ያኔ ከታሰበው ገደብ ማለትም በሊትር ከ2 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገደቡን 30 ማይክሮግራም አድርጎታል። ስለዚህ «ዩራኒየም ተገኘ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ስንት እንደተገኘ ጠይቁ።

ከአለቱ የሚመጡት ሦስቱ ጨረር አመንጪ ነገሮች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ዩራኒየም በጨረሩ ሳይሆን በመርዝነቱ ኩላሊትን ይጎዳል። ራዲየም ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰል አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ራዶን ጋዝ ስለሆነ ውሃው ሲገላበጥ ይተናል፤ በሮቶ ውስጥ ተከድኖ ቢቀመጥ እንኳ በየ3.8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል።

ማፍላት ከሦስቱ የሚያባርረው ራዶንን ብቻ ነው። ዩራኒየምና ራዲየም ከእንፋሎቱ ጋር አይወጡም፤ እንዲያውም ውሃው ሲጎድል በቀረው ላይ ይበረታሉ። ቢሆንም ማፍላታችሁን አታቁሙ! ማፍላት የሚከላከለው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ልጅን በሰዓታት ውስጥ ሊያዳክም ይችላል፤ የእነዚህ ነገሮች ጉዳት ግን ለዓመታት ከመጠጣት የሚመጣ ነው። ጨረር ፈርቶ ከጉድጓድ ወደ ኩሬ ውሃ መሄድ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው።

በውሃው ውስጥ ጨረር አመንጪ ነገር መኖሩን በጣዕም፣ በጠረን ወይም በመልክ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ አልፋና ቤታ ለተባሉት የጨረር ዓይነቶች ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ጠቅላላ አልፋ በሊትር ከ0.5 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ)፣ ጠቅላላ ቤታ ከ1 ቤኬሬል ካልበለጠ በጨረር በኩል ውሃው ይጠጣል። ዩራኒየም ለብቻው ይለካል።

ቢበልጥም መፍትሔ አለ። በዮርዳኖስ የዲሲ ጥልቅ ውሃ ራዲየም ስላለበት ከሌላ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ይከፋፈላል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራ ማጣሪያም ዩራኒየምንና ራዲየምን በአብዛኛው ያስቀራል።

የእኛ ድርሻ ይህ ነው፦ ውሃ የሚያመጣላችሁ ቦቴ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳ ጠይቁ፤ የጉድጓዱን ባለቤት ደግሞ የምርመራ ውጤቱን እንዲያሳይ ጠይቁ። ምርመራው የሚያስፈልገው በየቤቱ ሳይሆን በምንጩ ነው። ከአንድ ጉድጓድ የምንጠጣ ጎረቤታሞች፣ ኢትዮጵያዊም ሶማሌም፣ ወጪውን ብንጋራው ለእያንዳንዳችን ይቀላል። ሰፈራችሁ ከየት እንደሚቀዳ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝና አብረን እንጀምር።