አያትን ጠይቆ መጻፍ፦ የሰፈር ታሪክ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

በወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ የሚማር ልጅ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ መማሩ አይቀርም። የተወለደበት ምድር የየጁ አገር መሆኑን፣ ከየጁ የወጡ መሳፍንት ከታላቁ ራስ አሊ እስከ ትንሹ ራስ አሊ ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም ሰባ ዓመት ገደማ አገር ማስተዳደራቸውን፣ ያም ዘመን በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ማብቃቱን ግን ማን ይነግረዋል? ከመሳፍንቱ አልፎ የሰፈሩን ጉድጓድ ማን እንደቆፈረ፣ የቅሬው፣ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ዳኛ እንዴት እንደሚመረጥ ከጠየቀማ የሚመልስለት መጽሐፍ የለም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ በሩን ከፍቷል፤ ለታችኛዎቹ ክፍሎችም የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት መጣ። መጽሐፉ የሚታተመው ግን ለክልሉ ሁሉ ነው፤ ስለ መርሳና ስለ ግራና ለይቶ ሊናገር አይችልም። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችሉት መምህሩና ልጆቹ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸውም ደብተር፣ እርሳስና ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ትንሽ መሆን አለበት። «የአካባቢያችንን ታሪክ ይንገሩኝ» ያለ ልጅ ምርቃት አግኝቶ ይመለሳል። «እማማ፣ አንቱ ልጅ ሳሉ ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? አብሮዎት ማን ይሄድ ነበር?» ያለው ግን የደረቀ ምንጭ፣ የጠፋ ዱር፣ የተረሳ የሰው ስም ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ዘመኑን ማወቅ ይመጣል። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ «ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ይላሉ። ከደሴ በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ውስጥ መሠራቱን ያወቀ ልጅ፣ የአያቱን ዕድሜ አስልቶ «ይህን አይተው ነው ወይስ ከአባትዎ ሰምተው?» ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ የትምህርቱ ልብ ይህ ጥያቄ ነው፤ ያዩትንና የሰሙትን የለየ ልጅ የታሪክ ሥራ ጀምሯል።

ይህን መንገድ ታሪካቸው ከመጽሐፍ የቀረባቸው ሕዝቦች ሁሉ ያውቁታል። በአሜሪካ በባርነት የኖሩ ወላጆች ልጅ የነበረው ካርተር ጂ ዉድሰን፣ በከሰል ማዕድን ሠርቶ በኋላ በሃርቫርድ ዶክትሬቱን የተቀበለው ሰው፣ በፈረንጆች 1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን አስጀመረ፤ በ1937 ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የታሪክ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በዚያው አሥር ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የቀጠራቸው ጸሐፊዎች በባርነት የኖሩ ከ2,300 በላይ አዛውንቶችን ጠይቀው ቃላቸውን መዘገቡ። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። የታሪክ ምሁራን እንዳስተዋሉት፣ በነጭ የበላይነት ሥር የሚኖር አዛውንት ለነጭ ጠያቂ ያልተናገረው ብዙ ነው።

ስለዚህ መልሱን የሚወስነው ጠያቂው ጭምር ነው። የግራና ልጅ እዚህ ላይ ከማንም እንግዳ ተመራማሪ ይበልጣል፤ አያት ቡና እየተፈላ ለልጅ ልጃቸው የሚያወሩትን ለመጣ ባዕድ አያወሩትም። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ የሽማግሌዎችን ቃል ከዐረብኛ ጽሑፎች ጋር አስተያይተዋል። ልጆቹም በአቅማቸው ማስተያየት ይችላሉ። አንዱ ስለ ጉድጓዱ አባቱን ይጠይቅ፣ ሌላዋ ሴት አያቷን፤ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ወገን ይጠየቅ፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ባንድ ቤት ይገኛሉ። ቃላቸው ሲለያይ መምህሩ አንዱን ለመሰረዝ አይቸኩል። ሁለቱም ይጻፉ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብም ማን እንደተናገረው ይስፈር።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለተናጋሪው ይነበብ። እዚህ ላይ ብዙ ስም ይታረማል፣ የተረሳ ነገር ትዝ ይላል። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ካለቀበት ይነሣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከ2013 ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት በወልድያና በመርሳ ያለፈው መከራ ገና ትኩስ ነው፤ ልጅን ያንን ጠይቀህ ና ብሎ መላክ አይገባም። አዛውንቱ ራሳቸው ካነሡትም መስማት ነው፤ «ይህ አይጻፍ» ካሉ ደግሞ እርሳሱ ይቀመጣል።