ስርዝ ድልዝ የማይወድ መዝገብ

በሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ አይሸጥም። ስሙ ቀርቶ ገበያው ተለውጧል፤ በዙሪያው የተሰለፉት የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚነግዱት በእምነት ነው። እምነቱ ደግሞ ከባሕር መዝገብ ወጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ሰንብቷል።

እዚያ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያላግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። መንስኤውም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነበር። ከገንዘቡ አብዛኛው ተመልሷል።

እንዲህ ባለ ሌሊት የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ምን ተለወጠ? ማን ለወጠው? ወደ ነበረበት እንዴት ይመለሳል?

ጥያቄዎቹ ለሰንጋ ተራ እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1943 በተቋቋመው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያለፈ የሒሳብ ሠራተኛ መልሱን ያውቀዋል፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም። የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም፤ በማስተካከያ ምዝገባ ይቃናል።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን የመሰለውን መዝገብ የሚይዘው «ጊት» ይባላል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ሲሆን የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ በመሆኑም የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አያስጠብቅም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በገዛ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

አጠቃቀሙ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ጥቂት ቃላት መጻፍ ነው። «ጊት ኢኒት» መዝገቡን ይከፍታል፤ የሚፈለገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጊት አድ» ለምዝገባ የሚቀርቡትን ፋይሎች ይመርጣል። «ጊት ኮሚት» ለውጡን ከሠሪው ስም፣ ከሰዓቱና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል። «ጊት ሎግ» ያለፉትን ምዝገባዎች ይዘረዝራል፤ «ጊት ዲፍ» የትኛው መስመር እንደተለወጠ ያሳያል። ስሕተት ሲገኝ «ጊት ሪቨርት» አሮጌውን ምዝገባ አይሰርዝም፤ የሚያፈርሰውን አዲስ ምዝገባ ይጽፋል። የሒሳብ ሹሙ ማስተካከያ ማለት ይኸው ነው።

እያንዳንዱ ምዝገባ ከይዘቱና ከቀዳሚው ምዝገባ የሚሰላ መለያ ቁጥር አለው። አንድ ያለፈ ገጽ ቢነካካ ከእርሱ ወዲህ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይለወጣሉ።

ይሁን እንጂ ጊት ኦዲተር አይደለም። የተበላሸ ፕሮግራም ወደ ትናንቱ ሊመለስ ይችላል፤ ከኤቲኤም የወጣ ብር ግን በትእዛዝ አይመለስም። ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሌላ ዓይን ካላየውና ካልተፈተነ መዝገቡ ስሕተቱንም በታማኝነት ይዞ ያስቀምጣል።

የገበያው ትምህርት ለገዢው ነው። የደመወዝ ወይም የመጋዘን ፕሮግራም የሚያሠራ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው የሚሠራውን ፕሮግራም ብቻ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም እንደ አዲስ ሲጀምር ድርጅቱ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ በውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ከነሙሉ የለውጥ መዝገቡ ለአሠሪው ይተላለፋል። ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ሳይቀበል ቁልፍ ብቻ ይዞ አይሄድም።