የጀግና ልብስ የለበሰ ፊልም ሁሉ ለልጅ ነውን?
(በሬዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር)



እንበልና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ከሥራው ደክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ የ12 ዓመት ልጁ «አባዬ፥ ጓደኞቼ ሁሉ ያዩትን ፊልም እኔም ልየው» ብሎ ይለምነዋል። አባትየው ሥዕሉን ቢመለከት ቀይ ልብስ የለበሰና ጭንብል ያጠለቀ ጀግና ያያል። ይህን የመሰለ ሥዕል በልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይም ስላለ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ይፈቅድለታል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ፥ ይህ አባት ከመፍቀዱም ሆነ ከመከልከሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ማስረዳት ነው።

ከሰው በላይ ኀይል ያላቸው ጀግኖች ታሪክ በአሜሪካ አገር የታወቀው ሱፐርማን በ1938 ዓ.ም. በሥዕላዊ መጽሔት ከወጣ ወዲህ ሲሆን፥ በተለይ በልጆች ዘንድ እጅግ ተወዶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን ከእነዚሁ ታሪኮች አንዳንዶቹ ለዐዋቂዎች ተብለው ይሠራሉ። በ2016 የወጣው «ዴድፑል»፥ በ2017 የወጣው «ሎገን»፥ በ2019 የወጣው «ጆከር»፥ እንዲሁም በ2024 የወጣው «ዴድፑልና ዎልቨሪን» ሁሉም በአሜሪካ «አር» የተባለው ምልክት የተሰጣቸው ናቸው።

ይህ ምልክት ምን ማለት ነው? በአሜሪካ የፊልሞች ደረጃ አሰጣጥ የተጀመረው በ1968 ሲሆን፥ ፊልሞቹን አይተው ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ወላጆች ናቸው። «አር» የተባለውን ፊልም ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሲኒማ ቤት ለማየት ቢፈልግ ወላጅ ወይም ዐዋቂ አሳዳጊ አብሮት መግባት አለበት። እንግዲህ ምልክቱ ፍጹም ክልከላ ሳይሆን ለወላጅ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን እነዚሁ ፊልሞች «15» የሚል ደረጃ ስለ ተሰጣቸው፥ ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ከአባቱ ጋር ቢመጣ እንኳ ሲኒማ ቤት አይገባም። አንዱ አገር ፍርዱን ለወላጅ ሲተው ሌላው ለሕግ ሰጥቶታል። ወደ እኛ ቤት የሚገባው ፊልም ግን በተንቀሳቃሽ ስልክና በፍላሽ እየተገለበጠ ስለሚመጣ በር ላይ ቆሞ ዕድሜ የሚጠይቅ ዘበኛ የለውም። ዘበኛው ወላጁ ራሱ ነው።

ደግሞም በአንድ ምልክት ሥር ያሉ ፊልሞች በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉ። በ«ዴድፑል» ጀግናው ሰው እየገደለ ይቀልዳል፤ ጸያፍ ንግግርና የዕርቃን ትዕይንትም አለበት። «ጆከር» ስለሚበር ጀግና የሚናገር ሳይሆን፥ ብቸኛና የአእምሮ ሕመምተኛ የሆነ ሰው ወደ ነፍሰ ገዳይነት ሲያዘነብል የሚያሳይ ነው። በ«ሎገን» ደም መፋሰሱ የበረታ ቢሆንም፥ መግደል በገዳዩ ሕይወት ላይ የሚያመጣው ኀዘን አይሸሸግም። ስለዚህ «ደም አለበትን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ደሙ እንደ ቀልድ ወይስ እንደ ጥፋት ነው የሚታየው?» ማለትም ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው «ፊልም ፊልም ነው፤ ልጅ ምን ይሆናል?» ይል ይሆናል። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1961 በስታንፎርድ ባደረገው ምርመራ፥ አንድ ዐዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ካላዩት ይልቅ ድብደባውን ሲመስሉ ተገኙ። በ1963 ደግሞ ድርጊቱን በፊልም ያዩትም እንደዚሁ ሆኑ። ይህ ማለት ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ ክፉ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ልጅ ያየውን ነገር ይዞ እንደሚሄድ ግን ያስረዳናል።

የሚያስደንቀው፥ «ሎገን» ራሱ ይህን ነገር ያሳያል። በፊልሙ ውስጥ በግድያ መካከል ያደገች አንዲት ልጅ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጣ በ1953 የተሠራውን «ሼን» የተባለ የካውቦይ ፊልም ትመለከታለች። በመጨረሻም በመቃብር አጠገብ ቆማ የምትናገረው ቃል ከዚያው ፊልም የሰማችውን ነው። ኀዘኗን የምትገልጽበት ቃል ያገኘችው ከሽማግሌው ጋር ካየችው ፊልም ነበር።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ከደረጃው ምልክት ጋር የሚጻፈውን ምክንያት ያንብብ። ቀጥሎም ፊልሙን ልጁ ሳያየው ራሱ ይየው፤ ሁለት ሰዓት የሚያህል ጊዜ ለልጅ አይበዛም። ሦስተኛም ልጁን ይመርምር፤ ሌሊት የሚባንን ልጅና ያየውን በእርጋታ የሚጠይቅ ልጅ ዕድሜያቸው አንድ ቢሆን እንኳ አንድ አይደሉም። ቢፈቅድ አብሮ ይቀመጥ፤ ካዩም በኋላ ይነጋገሩበት። ቢከለክል ምክንያቱን በግልጽ ይንገረው፤ ለዕድሜው የሚስማማ ሌላ ፊልምም ይምረጥለት። ያለ ምክንያት የተከለከለ ልጅ ፊልሙን በጓደኛው ስልክ ተደብቆ ያየዋልና፤ ያን ጊዜ ያስፈራውን ነገር ለአባቱ ሊናገር አይደፍርም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ ቁጣ አይደለም፤ አስቀድሞ ማየትና ከልጅ ጋር መነጋገር ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁ «ልየው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፥ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለታችሁ በፊት «መጀመሪያ እኔ ልየው» በሉት።