በሥራ ላይ የሚደርስ የልብ ሕመምና መብትዎ

በሥራ ላይ ሳሉ ደረትዎን ቢያምዎ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ሥራዎን አቁመው ወዲያውኑ በስልክ ቁጥር 101 አምቡላንስ ይጥሩ።

ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በሥራ ቦታ ያጋጠመዎትን፣ ለምሳሌ ከወትሮው የከበደ ሸክም ወይም ብርቱ ጠብ፣ ለሐኪሙ በዝርዝር ይንገሩ። ቋንቋው ቢያስቸግርዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደ ሥራ አደጋ የሚቆጠረው፣ በሥራ ላይ የደረሰ ያልተለመደ ጫና እንደ ቀሰቀሰው ሲረጋገጥ ነውና። ክርክር በተነሣ ጊዜ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው ቀን ለተጻፈው የሕክምና መዝገብ ትልቅ ክብደት ይሰጣል። የመዝገቡን ቅጂ መቀበል በ1996 በወጣው የሕሙማን መብት ሕግ የተጠበቀ መብትዎ ነው።

ጥያቄዎን በ12 ወር ውስጥ ለብሔራዊ መድን ድርጅት (ቢቱዋሕ ሌኡሚ) ያቅርቡ። ካልተቀበለዎ ጉዳይዎን ወደ አካባቢው የሥራ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ።