አምሳ አምስት ሺሕ ሰው፣ አንድ ሊግ፦ የፋሮ ደሴቶች እግር ኳስ ታሪክ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በአይስላንድና በኖርዌይ መካከል ባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ 18 ደሴቶች ተበታትነው ይገኛሉ። ፋሮ ደሴቶች ይባላሉ። በዴንማርክ ዘውድ ሥር ሆነው ከ1948 ጀምሮ የውስጥ ጉዳያቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ፣ ሰንደቅ ዓላማና ምክር ቤት አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሕዝባቸው ብዛት አምሳ አምስት ሺሕ ገደማ ነው። ዋና መተዳደሪያቸው ዓሣ ነው። ዝናቡና ነፋሱ እምብዛም ፋታ አይሰጥም፤ ሜዳማ መሬትም እንደ ልብ አይገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ከሰማንያ ዓመት በላይ የዘለቀ የእግር ኳስ ሻምፒዮና አለ። ከእነዚህ ደሴቶች የሚሰሙት አስገራሚ የእግር ኳስ ዜናዎች ከየት እንደመጡ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከዚህ ሻምፒዮና መጀመር አለበት።

ኳሱ ወደ ደሴቶቹ የገባው ውድድሩ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የመጀመሪያው ክለብ ቲቢ በ1892 የተመሠረተው በዋና ከተማዋ በቶርስሃቭን አልነበረም፤ በደቡባዊቷ ደሴት በሱዱሮይ፣ ትቮሮይሪ በምትባል የወደብ ከተማ ነበር። በ1904 የቶርስሃቭኑ ኤችቢና የሰሜኗ የዓሣ ከተማ የክላክስቪኩ ኬኢ ተከተሉ። በ1936 ደግሞ በቶርስሃቭን ሁለተኛ ክለብ ተቋቋመ፤ የተመሠረተበትን ዓመት በስሙ ይዞ ቢ36 ተባለ። ኤችቢና ቢ36 ዛሬም ድረስ ጉንዳዳሉር በሚባለው ሥፍራ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ የሁለቱ ግጥሚያም የዋና ከተማዋ ትልቁ ደርቢ ነው።

ክለቦቹ ለረጅም ጊዜ የተጫወቱት በወዳጅነት ነበር። አገር አቀፍ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ጀርመን በሚያዝያ 1940 ዴንማርክን ስትይዝ እንግሊዞች በቀናት ልዩነት ፋሮ ደሴቶችን ያዙ፤ ደሴቶቹም ከዴንማርክ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ደሴተኞቹ ብዙ ነገር በራሳቸው መምራት ነበረባቸው። የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ኬኢ ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ቲቢ አሸነፈ። በ1944 ግን ውድድር አልነበረም። ምክንያቱ የተጫዋች ወይም የሜዳ ችግር አልነበረም፤ የኳስ እጥረት ነበር። በጦርነት ጊዜ ሁሉም ነገር በመርከብ በሚገባበት ደሴት ላይ ኳስም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሊታጣ እንደሚችል ይህ አንድ ባዶ ዓመት ያስታውሳል።

እነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ሊግ አልነበሩም። ሊግ ማለት እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር እየተጋጠመ ነጥብ የሚሰበስብበት፣ በመጨረሻም ብዙ ነጥብ ያለው ሻምፒዮን የሚሆንበት ውድድር ነው። በጦርነቱ ዓመታት የተካሄደው ግን የጥሎ ማለፍ ባሕርይ የነበረው ውድድር ነው። ወደ ሊግ የተለወጠው በ1947 ሲሆን፣ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ቫጋር ከምትባለው ደሴት የመጣው የሶርቫጉር ትንሽ ክለብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ክለብ ዋንጫውን አላየውም፤ ስሙ ግን በዝርዝሩ ላይ አለ። የዚህ ሊግ የአሸናፊዎች ዝርዝር የሚያስደስተኝም ለዚህ ነው፤ ከትልልቆቹ ስሞች መካከል ከጥቂት ሺሕ ሰው የማይበልጥ ነዋሪ ያላቸው መንደሮች ብቅ ይላሉ። ጎታ ስድስት ጊዜ፣ ቶፍቲር ሦስት ጊዜ፣ የሳንዶይ ደሴቱ ቢ71 በ1989 አንድ ጊዜ፣ የሱዱሮዩ ቪቢ ቫጉር በ2000 አንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል። በብዛት የወሰደው ኤችቢ ሲሆን፣ በ2020 ያነሣው ዋንጫ 24ኛው ነበር።

በ1976 ሊጉ አንደኛ ዲቪዚዮን ተብሎ የመውጣትና የመውረድ ሥርዓት ተዘረጋለት፤ በመጨረሻ የሚቀመጡ ቡድኖች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከታች ያሸነፉት ይወጣሉ። በ1988 የተሳታፊዎቹ ቁጥር አሥር ደረሰ። ከ2005 ጀምሮ ስሙ እንደ ስፖንሰሩ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ቤትሪ በተባለው ባንክ ስም ይጠራል። ክረምቱ ስለሚከብድ የውድድር ዘመኑ በመጋቢት አካባቢ ተጀምሮ በጥቅምት አካባቢ ያልቃል። አሥሩ ክለቦች እርስ በርስ ሦስት ሦስት ጊዜ ስለሚገናኙ እያንዳንዱ ክለብ 27 ጨዋታ ያደርጋል። አሥር ክለቦች ሃያ ሃያ ተጫዋች ቢይዙ ሁለት መቶ ሰው ነው። ትልልቆቹ ክለቦች በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ሁለተኛና ሦስተኛ ቡድን ስለሚያሰልፉ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ሕፃናቱንና አዛውንቱን ከአምሳ አምስት ሺሑ ቀንሶ ለሚያስብ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በፋሮ ደሴቶች በሊጉ የሚጫወት ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

አብዛኛዎቹ ተጫዋቾች ሥራ አላቸው። አናጢ፣ መምህር፣ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም ተማሪ ሆነው ውለው ማታ ልምምድ ይገባሉ። ቀድሞ ደግሞ ከሥራው በላይ ባሕሩ ነበር። ቡድኖች ወደ ጨዋታ የሚሄዱት በጀልባና በመርከብ ስለነበር ማዕበል ሲነሣ የጨዋታ መርሐ ግብር ይናጋ ነበር። ይህን የለወጡት ከባሕር ወለል በታች የተቆፈሩት ዋሻዎች ናቸው። ቫጋር በ2002፣ ክላክስቪክ በ2006 ከዋናዎቹ ደሴቶች ጋር በመኪና ተገናኙ። በታኅሣሥ 2020 የተከፈተው የአይስቱሮይ ዋሻ ከባሕር በታች የትራፊክ አደባባይ ጭምር ያለው ሲሆን፣ ከቶርስሃቭን ወደ ክላክስቪክ የሚደረገውን ጉዞ እጅግ አሳጥሮታል። ሳንዶይ በ2023 ተከተለች። የእግር ኳሱ የትውልድ ሥፍራ ሱዱሮይ ግን እስካሁን ዋሻ የላትም፤ የደቡቦቹ ክለቦች ዛሬም በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘው ይጫወታሉ።

ሌላው ፈተና ሜዳው ነበር። ድንጋያማና ዘወትር እርጥብ በሆነ መሬት ላይ የተፈጥሮ ሣር ማብቀል አስቸጋሪ ስለሆነ ለረጅም ዘመን የሚጫወቱት በጠጠርና በአሸዋ ሜዳ ላይ ነበር። በኋላ ሰው ሠራሽ ሣር መጣ፤ ለደሴቶቹ ከየትኛውም አሰልጣኝ ያልተናነሰ ውለታ የዋለላቸው ይህ ይመስለኛል። ዝናብ የማያበላሸው ሜዳ በየመንደሩ ሲነጠፍ ልጆች ዓመቱን ሙሉ መጫወት ቻሉ።

ሊጉ የመጀመሪያዎቹን አርባ ስድስት ዓመታት ያሳለፈው ዓለም ሳያውቀው ነው። የእግር ኳስ ማኅበሩ ራሱ የተቋቋመው በ1979 ነበር። በ1988 ፊፋ፣ በ1990 ደግሞ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ተቀበሉት። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን የማጣሪያ ጨዋታ ያደረገው በመስከረም 12 ቀን 1990 ነው። ተጋጣሚው በዚያው ዓመት ከጣሊያን የዓለም ዋንጫ የተመለሰችው ኦስትሪያ ነበረች። በደሴቶቹ ላይ ደረጃውን የጠበቀ የሣር ሜዳ ስላልነበረ አስተናጋጆቹ “በሜዳቸው” የተጫወቱት ላንድስክሮና በምትባል የስዊድን ከተማ ነበር። ፋሮ 1 ለ 0 አሸነፈች።

ያቺን ግብ ያስቆጠረው ቶርኪል ኒልሰን ሲሆን፣ ኑሮው በእንጨት ሽያጭ ነበር፤ በቼዝም በአገሩ የታወቀ ተጫዋች ነው። በረኛው ዬንስ ማርቲን ክኑድሰን በዓሣ ፋብሪካ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ነበር። በራሱ ላይ ያደረጋት ጫፏ ላይ ፖምፖም ያላት ነጭ የሱፍ ኮፍያ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣች፤ ኮፍያዋን የለመደው በልጅነቱ ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ ነው። ብዙዎች ያን ውጤት እንደ ተአምር ጻፉት። እኔ ግን ተአምር ማለት የሚገባ አይመስለኝም። እነዚያ ሰዎች በ1942 በተጀመረ ሻምፒዮና ውስጥ፣ ከኳስ እጥረትና ከማዕበል ጋር እየታገሉ፣ በየሳምንቱ ሲጋጠሙ ያደጉ ነበሩ። ያን ዕለት አዲስ የሆነው ነገር የዓለም ዓይን እነርሱ ላይ ማረፉ ነው።

ከዚያ በኋላ በቶፍቲር ኮረብታ ላይ ድንጋይ ተፈንድቶ ስቫንጋስካርድ የተባለው ስታዲየም የሣር ሜዳ ተሠራለት፤ በ1999 ደግሞ በዋና ከተማዋ ቶርስቮሉር ተከፈተ። ክለቦቹም ወደ አውሮፓ ወጡ። በ1992 ኬኢ በሻምፒየንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ከላትቪያው ስኮንቶ ሪጋ ጋር ተጫውቶ በሁለቱም ጨዋታዎች ተሸነፈ። ለብዙ ዓመታት የደሴቶቹ ክለቦች የአውሮፓ ጉዞ ከመጀመሪያው ዙር እምብዛም አያልፍም ነበር። ሽንፈቱ ግን ትምህርት ነበረው፤ ክለቦቹ የውጭ አሰልጣኞችን ማምጣት፣ ልምምዳቸውንም ማጠንከር ጀመሩ። ለምሳሌ ኤችቢ በ2018 ሻምፒዮን የሆነው በአይስላንዳዊው ሄይሚር ጉድዮንሰን ሥር ነው።

በግንቦት 2020 ደግሞ ያልተጠበቀ ዕድል መጣ። የኮሮና ወረርሽኝ የአውሮፓን ሜዳዎች በዘጋበት ወቅት በደሴቶቹ ወረርሽኙ ቶሎ በቁጥጥር ሥር ስለዋለ ሊጉ በግንቦት 9 ቀን ጀመረ። ጨዋታ የራበው የኖርዌይ ቴሌቪዥን የሥርጭት መብቱን ገዛ። የክላክስቪክና የቶርስሃቭን ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ አገር ሳሎኖች ውስጥ በየሳምንቱ ታዩ።

ትልቁ ዓመት 2023 ነበር። ክላክስቪክ አምስት ሺሕ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ክለቧ ኬኢ ከ1999 በኋላ ለሃያ ዓመት ዋንጫ ሳያገኝ ቆይቶ በ2019 ተመልሶ ነበር። በ2023 በሻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የሃንጋሪውን ፌረንስቫሮሽ በሜዳው 0 ለ 0 ከያዘ በኋላ ቡዳፔስት ላይ 3 ለ 0 አሸነፈው። ቀጥሎ የስዊድኑን ሄከንን በመለያ ምት ጣለ። የኖርዌዩ ሞልደ በሦስተኛው ዙር እስኪያቆመው ድረስ፣ ያውም በጭማሪ ሰዓት፣ ኬኢ በሻምፒየንስ ሊግ ውስጥ ነበር። ከዚያ በዩሮፓ ሊግ የመጨረሻ ማጣሪያ በሸሪፍ ቲራስፖል ቢሸነፍም ወደ ኮንፈረንስ ሊግ ምድብ ገባ። በአውሮፓ ውድድር ምድብ ውስጥ የተደለደለ የመጀመሪያው የፋሮ ክለብ ሆነ። በምድቡ የስሎቬኒያውን ኦሊምፒያ ሉብሊያና 3 ለ 0 አሸንፎ፣ ከፈረንሳዩ ሊል ጋር በአገሩ 0 ለ 0 ተለያይቶ በ4 ነጥብ ጨረሰ።

የዚያ ከተማ ጥንካሬ በወንዶቹ ብቻ አይደለም። የሴቶች ሻምፒዮና በ1985 የተጀመረ ሲሆን፣ የኬኢ ሴቶች ከ2000 እስከ 2016 ድረስ ለ17 ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ለማንም አላስነኩም። ወንዶቹ ለአውሮፓ ከመታወቃቸው በፊት በክላክስቪክ የድል ልማድ ያቆዩት እነርሱ ናቸው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

ከአውሮፓ ውድድር የሚገኘው ገንዘብ ለአንድ መንደር ክለብ በጣም ትልቅ ነው። ስለዚህ ኬኢ ሌሎቹን ጥሎ ይሄዳል የሚል ሥጋት ማደሩ አይገርምም። በ2024 ግን ሻምፒዮን የሆነው ቪኪንጉር ነበር፤ በ2008 የጎታ ክለብና ጎረቤቱ ኤልአይኤፍ ተዋህደው የመሠረቱት ክለብ ነው። በ2025 ኬኢ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ በአብዛኛው በዚህ ሊግ ያደጉ ልጆች የተሰለፉበት ብሔራዊ ቡድን በቶርስሃቭን ቼክ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸነፈ።