ምዕራፍ ስድስት፦ የተበላሸውን ወረቀት አይጣሉት

የደመወዝ ቀን ነው፤ አንኮበር በጉም ተሸፍኗል። ደብረ ብርሃን ሆኜ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ፕሪንተሩ ታመመብን» አሉ የአንኮበር ቢሯችን ገንዘብ ያዥ። «አንድ ሙሉ ገጽ ያወጣና ቀጥሎ ሁለት መስመር ብቻ ያለበት ወረቀት ይተፋል። ደግሞ ሙሉ ገጽ፣ ደግሞ ሁለት መስመር።»

«እትዬ፣ ወረቀቱን እንዳይጥሉት። ሙሉው ገጽ ላይ ስንት መስመር አለ? ይቁጠሩልኝ።»

ቆጠሩ። «64» አሉኝ። ያች ቁጥር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከመንዳት አዳነችኝ።

የደመወዙ ዝርዝር የሚመጣው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ካወጣው ከኤኤስ 400 ነው፤ ከግል ኮምፒዩተር የሚበልጥ፣ ከግዙፉ ሜይንፍሬም የሚያንስ የንግድ ኮምፒዩተር። የወረሰው የወረቀት ልክ ግን ከእሱ ይቀድማል፦ ጠርዝና ጠርዙ የተበሳሳ፣ እየተጣጠፈ የሚወርድ፣ ቁመቱ 11 ኢንች የሆነ ወረቀት። በአንድ ኢንች 6 መስመር ሲጻፍ ገጹ 66 መስመር ይይዛል። የቢሯችን ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ከኤ4 ወረቀት ላይና ታች ኅዳግ ይተውና በ64 መስመር ይሞላል። የቀሩት ሁለቱ ቦታ አጥተው ወደ አዲስ ወረቀት ይሰደዳሉ። በፕሪንተሩ ሜኑ ውስጥ የገጹን መስመር ከ64 ወደ 66 አስቀየርኳቸው፤ መስመሮቹ በጥቂቱ ተጠጋጉና ዝርዝሩ በልኩ ወጣ።

ወርዱም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው ሪፖርት በአንድ መስመር 132 ፊደል ይደረድራል። በኢንች 10 ፊደል ከተጻፈ 13.2 ኢንች ይፈልጋል፤ የኤ4 ወርድ 8.27 ኢንች ብቻ ነው። የሚቆረጠው የቀኝ ዳር ነው፤ የተጣራ ክፍያ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ወረቀቱን አግድም አዙሮ በኢንች 12 ፊደል ማድረግ ይበቃል፤ 11 ኢንች ላይ ያልቃል። ዓምዶቹ ከተንሻፈፉ ግን ፎንቱን ይዩ። ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ያለው እንደ ኩሪየር ያለ ፎንት ካልሆነ ቁጥር በቁጥር ሥር አይቆምም።

ወረቀቱ ትርጉም በሌለው ምልክት ከተሞላስ? ያኔ ኮምፒዩተሩና ፕሪንተሩ በቋንቋ አልተግባቡም። ኤኤስ 400 «ኤ» የምትባለውን የላቲን ፊደል 193 ብሎ ይመዘግባል፤ አብዛኛው ፕሪንተር ግን 65 ብሎ ያውቃታል። በመካከላቸው አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ፤ የፕሪንተሩ ሞዴል በትክክል ሊነገረው ይገባል። አሮጌው ፕሪንተር ተነሥቶ አዲስ ሲተከል ይህን የሚያስታውስ ብዙም የለም።

የእኛ ፊደል ጉዳይ ልቤን ይነካኛል። የቆየው የኮምፒዩተር ፊደል አመዘጋገብ ለአንድ ቋንቋ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ የሚተርፈው 25 ቦታ ለላቲን 26 አቢይ ሆሄያት እንኳ አይበቃም። ግዕዝ የዓለምን ፊደላት በአንድነት ወደሚመዘግበው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም ፕሪንተሩ በስምዎ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ቢደረድር፣ ሪፖርቱን ፎንቱን ከነፊደሉ የያዘ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው። ሰው ደመወዙን የሚፈርመው ስሙን በራሱ ፊደል አንብቦ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

የአንኮበር ጉምም ይወቀሳል። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ይቀረቀራል፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ዓምድ ማንሻፈፍ ወይም መስመር ማስተረፍ ግን አይችልም።

ከወራት በኋላ እትዬ እንደገና ደወሉ። ሰላምታው እንዳለቀ፦ «ዛሬ 60 ነው ልጄ፤ ስድስት መስመር ተርፎኛል።»

አንድ ሰው ፕሪንተሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሶት ነበር። ያ ሴቲንግ ሌተር ለሚባለው የአሜሪካ ወረቀት የተበጀ ነው፤ ሌተር ደግሞ በ60 መስመር ይሞላል። «ሜኑውን ልክፈተው?» አሉኝ፤ መንገዱን ያውቁታል።