የውሰት ተጫዋች፣ የውሰት ልጅ

በእኛ አገር የማይዋዋሱት ነገር የለም። ምጣዱ የተሰነጠቀበት ቤት ከጎረቤት ምጣድ ይዋሳል። ድግስ ያለበት ጋን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ይዋሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ጋይንት ብትሄዱ፣ ስማዳ ብትወርዱ፣ ወደ እስቴ ብትሻገሩም ወጉ ያው ነው። ሰው የተዋሰውን ዕቃ ከራሱ ዕቃ አብልጦ ይጠነቀቅለታል፤ ሲመልስም አጥቦና አድርቆ ነው። ያም ሆኖ ዕቃው የራስ እንዳልሆነ ልብ ያውቀዋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ከዚሁ ስሜት የመጣ ይመስለኛል።

ኳስ ወዳዶችም ይህንኑ ቃል ለተጫዋች ይጠቀሙበታል። ክለቡ ተጫዋቹን ሳይሸጥ ለግማሽ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ለሌላ ክለብ ሲሰጠው «በውሰት ሄደ» ይባላል። ምጣድና ጋን የሚባልባቸውን አይሰሙም። ተጫዋች ግን ይሰማል። አጠገባችን ተቀምጦ ወሬውን የሚያዳምጥ ልጅም ይሰማል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ንፋስ መውጫ ውስጥ ስለ አንድ የውሰት ተጫዋች ሲባል የሰማሁትና ያ ወሬ ቤቴ ድረስ ገብቶ ያደረገው ነገር ነው።

ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት የሚዘጋበት ዕለት ነበር። በዚያች የመጨረሻ ቀን አርሰናል ራሂም ስተርሊንግን ከቼልሲ በአንድ ዓመት ውሰት ወሰደ። ስተርሊንግ ጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ለንደን የሄደ፣ በሊቨርፑል ስሙ የታወቀ፣ በማንቸስተር ሲቲ ደግሞ 4 ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነው። ቼልሲ የገዛው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ የመጡት አሠልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ ከስብስባቸው ውጪ አደረጉት፤ 7 ቁጥር ማልያውም ለሌላ ተሰጠ። የአርሰናሉ ሚኬል አርቴታ በማንቸስተር ሲቲ ምክትል አሠልጣኝ ሳሉ ያውቁት ስለነበር እጃቸውን ዘረጉለት። ደመወዙን ሁለቱ ክለቦች እንደሚካፈሉት በወቅቱ ተዘግቧል።

ዜናው ንፋስ መውጫ ሲደርስ የአርሰናል ደጋፊው አንድ ሐሳብ ሊሆን አልቻለም። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤቴ ልጅ «ሲስተር፣ 4 ዋንጫ ያነሳ ሰው በነፃ መጣልን! ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?» አለኝ። ወደ አርብ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ያገኘሁት ረዳት ግን ፊቱን አጨፈገገ። «ቼልሲ የጣለውን እኛ የምናነሳ ምን ሆነን ነው?» አለ። አንድ መምህር ደግሞ የከነከናቸው ሌላ ነገር ነው። «ይህ ሰው ዓመት ተጫውቶ ይሄዳል። ያ የ17 ዓመት ልጅ፣ ንዋኔሪ፣ በእሱ ምክንያት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከዋለ የማን ልጅ ነው የተጎዳው? የኛው!» አሉኝ።

ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱንም ስሜት በአንድ ሰው ላይ ያየሁበት ጊዜም አለ። የባጃጁ ልጅ ከጨዋታ በፊት ያደንቀዋል፤ ስተርሊንግ ተቀይሮ ሲገባ ይጨነቃል፤ አንዲት ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ ከዲኤስቲቪ ቤቱ ደጃፍ እስከ እኔ አጥር የሚሰማ ስድብ ያወርድበታል።

ደጋፊው እንዲህ ልቡ የሚከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። የውሰት ውል በራሱ ሰውየውን በሁለት ቤት መካከል ያቆመዋል። በፕሪሚየር ሊጉ ደንብ የውሰት ተጫዋች በእናት ክለቡ ላይ መሰለፍ አይችልም። ስለዚህ አርሰናልና ቼልሲ በሊጉ ሲገናኙ ስተርሊንግ እንደኛው ተመልካች ነበር። አንድ ክለብ ከሊጉ ክለቦች በአንድ ጊዜ በውሰት መያዝ የሚችለውም 2 ተጫዋች ብቻ ነው። ፊፋ በበኩሉ ከ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በአገሮች መካከል የሚደረግ ውሰት ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የተዋሰው ክለብ ተጫዋቹን መልሶ ለሦስተኛ ክለብ ማዋስም ተከልክሏል። ይህን ደንብ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። የተዋሱትን ምጣድ ለሌላ ማዋስ ነውር መሆኑን የእኛ እናቶች ያለ ፊፋም ያውቁታል።

ዓመቱ ለስተርሊንግ አልቀናውም። መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም. አርሰናል በሊግ ካፕ ቦልተንን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ አንዷን ግብ እሱ አስቆጠረ። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሷው ሆነች። በሁሉም ውድድሮች 28 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ይችን ብቻ ነው፤ በሊጉ አንድም የለውም። ያውም ቡካዮ ሳካ በታኅሣሥ፣ ገብርኤል ጀሱስ በጥር፣ ካይ ሃቨርትዝ በየካቲት በጉዳት ወጥተው ክለቡ አጥቂ ባጣበት ዓመት ነው። አርሰናል ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። የደጋፊው ንዴት እየበረታ ሲሄድ ስለ ጨዋታው ማውራት ቀረና ስለ ሰውየው ማውራት መጣ። «ይበላል እንጂ አይሠራም።» «ምን አለበት፣ የሰው ቤት ነው።» «ዓመቱ ይለቅና ወደመጣበት ይሂድ።»

ወሬው ቤቴ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ከስማዳ ቆላ፣ ከወገዳም ራቅ ካለ ቀበሌ፣ 9ኛ ክፍል ሊማር እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። በአካባቢያችን ይህ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆች ወይ ተሰባስበው ክፍል ተከራይተው ከቤታቸው በሚመጣላቸው ስንቅ ይኖራሉ፣ ወይ ዘመድ ቤት ይጠጋሉ። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ አርሰናልን ግን ከነነፍሱ ይወዳል። አንድ እሑድ ልጄና ጓደኞቹ ቡና ላይ ተቀምጠው ስተርሊንግን ሲቦጭቁት እሱም ጥግ ይዞ ምሳውን ይበላ ነበር። «ይበላል እንጂ አይሠራም» ሲባል እጁን ከትሪው አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ተለወጠ። ሳይነጋ ተነስቶ ውኃ ይቀዳል፤ ማንም ሳያዘው እንጨት ይፈልጣል። ማታ ጥናቱን ትቶ ግቢ ይጠርጋል። እንጀራውን ግማሽ ያደርስና «ጠገብኩ» ይላል። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት የሠራ ሰው ልጅ ሲከሳ ዓይኑ አያልፈውም። ሆዱን አየሁለት፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ ትል እንዳይሆን ጠየቅሁት። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ምንም አላመመኝም። ዓመቱ እስኪያልቅ እንዳልከብዳችሁ ብዬ ነው» አለኝ።

የውሰት ሰው ሲባል ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚታየኝ ስተርሊንግ ብቻ አይደለም።

ውሰት ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኦዲዮን ኢጋሎን አይረሱትም። ናይጄሪያዊው አጥቂ ከቻይናው ሻንጋይ ሼንዋ በውሰት የመጣው ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ብዙው ሰው በዕድሜው ቀለደበት፤ ያን ትልቅ ክለብ ይመጥናል ያለውም ጥቂት ነው። ወቅቱ ኮሮና ቻይናን ያጠቃበት ስለነበር ለጥንቃቄ ሲባል ቡድኑ ስፔን ሄዶ ሲለማመድ እሱ እንግሊዝ ቀርቶ ለብቻው ይሠራ ነበር። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነውና ያኔ ለብቻ መቆየት ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። ኢጋሎ ከሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት እህቱን በሞት አጥቷል። በቋሚነት በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ክለብ ብሩዥ ላይ ግብ ሲያስቆጥር ማልያውን ገልጦ የእህቱን ፎቶ አሳየ። በሊጉ ግብ ባያገባም በ23 ጨዋታ 5 ግብ አስቆጥሮ በክብር ተሸኘ። ከልጅነቱ የሚደግፈው ክለብ ስለነበር ደጋፊው እንደ ባዳ አላየውም።

አርሰናልም የራሱ ታሪክ አለው። ማርቲን ኦዴጋርድ በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገብቶ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ሆላንድ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሪያል ሶሲዳድ በውሰት ሲዞር ኖሮ በጥር 2013 ዓ.ም. በውሰት ለንደን ደረሰ። «የማድሪድን ልጅ ለግማሽ ዓመት አሠልጥነን ልንመልስ ነው?» ያለ ደጋፊ ነበር። አርሰናል በዚያው ዓመት ነሐሴ ገዛው፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አምበል አደረገው። ስተርሊንግ አርሰናል ሲገባ የተቀበለው አምበል ራሱ በውሰት የመጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ የችሎታ ብቻ አይመስለኝም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት «በትውስት» የሚባል አሠራር አለ። ባለሙያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለሌላው ለጥቂት ወራት ይሰጣል። እኔ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ነርስ በዚህ መልክ ለ6 ወር መጣች። መጀመሪያ ሥራዋን ቆርጦ የነገራት አልነበረም። ሰኞ ካርድ ክፍል፣ ማክሰኞ መርፌ ክፍል፣ ረቡዕ ዕቃ ቆጠራ። ሠራተኛው ደግሞ «ነገ ለምትሄድ ምን አስጨነቃት?» እያለ ያማታል። እሷም እየቀዘቀዘች ሄደች። ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ኃላፊው ተቀየሩና አዲሱ ማዋለጃ ክፍል መደቧት፤ ስሟ እንደማንኛችንም በተረኛ መርሐ ግብር ላይ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ እናቶች ስሟን ጠርተው የሚፈልጓት ባለሙያ ሆነች። ያቺው ሴት ናት፤ የተለወጠው የተሰጣት ቦታ ነው። አንድ ሰው በ10 ደቂቃ ግራ፣ በሌላ 10 ደቂቃ ቀኝ እየገባ ሙሉ ሥራ ሲጠበቅበት ሳይ እሷን አስታውሳለሁ።

ይህ ማለት ተጫዋች አይተች ማለት አይደለም። ገንዘቡን ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባ ደጋፊ «ዛሬ ደካማ ነበር» የማለት መብት አለው። «ኳሱን ዘግይቶ ለቀቀ» ስለ ሥራ የተነገረ ነው፤ ነገ ይታረማል። «ይበላል እንጂ አይሠራም» ግን ሰውየውን የሚያይ ነው፤ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ ሲሰማው ለራሱ ይወስደዋል። እንጀራ እናት ዘንድ የሚያድግ ልጅ ይወስደዋል። ለእርሻ ወራት የተቀጠረ እረኛም ይወስደዋል። በእኛ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ጥቂት ነው።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ሦስት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ጊዜህ አንድ ዓመት አይደለም፤ 12ኛ ክፍልን እስክትጨርስ ቤትህ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራህ የታወቀ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ውኃ ትቀዳለህ፣ የቀረው ጊዜ የትምህርት ነው፤ እንጨቱን ልጄ ይፈልጣል። ሦስተኛ፣ መብል የሚቀርበው ለሁላችንም በአንድ ትሪ ነው፤ ማንም ጉርሻህን አይቆጥርም። ለልጄም ለብቻው ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም። በቀጣዩ እሑድ ግን ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሲሄድ ልጁን አስከትሎ ሄደ፤ የመግቢያውንም እሱ ከፈለለት።

የዘመድ ልጅ የተቀበላችሁ ወላጆች ሁሉ እነዚህን ሦስት ነገሮች በመጀመሪያው ሳምንት ብትነግሩት መልካም ነው። ልጅ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላውም ብዙ ጊዜ በክፉው ነው። ለላካችሁ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ሰው ቤት ነህና አንገትህን ደፍተህ ኑር» ብላችሁ ብቻ አትስደዱት። ለምን እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ጨምሩለት። ስንቅ ስትልኩ ደግሞ በእጁ እንዲያስረክብ አድርጉ፤ ከቤቱ ይዞ የገባው ነገር እንዳለ ማወቁ ቀና ያደርገዋል።

ስተርሊንግ ዓመቱን ጨርሶ ወደ ቼልሲ ተመለሰ። የእኛ ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገብቷል፤ ኪሎውም ተመልሷል። አርሰናል ሲሸነፍ አሁንም ይናደዳል፣ ይህ የጤና ነው። እራቱን ግን ሳይጨርስ አይነሳም።